ቂም ርስት አይደለም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ሻይ አፍሉና ተቀመጡ። ሁለት መስመር አንብቦ ኮሜንት ላይ ስድብ የሚጽፈውን ወንድሜን ደግሞ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብበህ ስደበኝ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ፖለቲካችንን መቼ ነው የመረጥነው?

ጫማ ስንገዛ እንኳ ሁለት ሦስት ሱቅ እንዞራለን። ልጅ ስንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ማንን መጥላት እንዳለብን ግን ፊደል ሳንቆጥር ተነግሮን፣ ሳንጠይቅ ተቀብለን፣ ድንበር ስንሻገር ይዘነው ወጣን። መታወቂያ ጠፍቶብናል። የትምህርት ማስረጃ ጠፍቶብናል። የቤት ካርታ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የእናት መስቀል ጠፍቶብናል። ቂማችን ግን ምንም ሳይጎድልበት ካኩማ ደርሷል። ናይሮቢና ካምፓላም ደርሷል። ከዚያም በሪሴትልመንት ተሳፍሮ ሚኒያፖሊስና ፍራንክፈርት ገብቷል።

አያቶቻችን ርስት ሲካፈሉ እንኳ የዘር ሐረግ ይቆጥሩ ነበር። ምስክር ያቆሙ ነበር። ዳኛው «በምን ታውቃለህ?» ይል ነበር። ቂም ግን ያለ ምስክርና ያለ ዳኛ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የተቀበለውም ልጅ «ከየት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ ከሃዲ ይባላል።

ይህን ዛሬ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን በካምፑ ውስጥ መዝገብ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰዎች አሉ። «ለትግሉ» እያሉ ከየቤቱ 500 ሽልንግ ይሰበስባሉ። ያልከፈለ ሰው ስሙ በቴሌግራም ግሩፕ ይነበባል። የማን መዝገብ እንደሆነ አልናገርም፤ አንድ ብቻ አይደለምና። እያንዳንዱ ወገን የራሱ መዝገብ አለው፤ አንዱ ብሎክ የሌላውን እየሰማ ይጨምራል። ራሽን በተቀነሰበት ጊዜ፣ ልጆቿን በቀን አንዴ የምታበላ እናት ለጥይት እንድታዋጣ ትጠየቃለች።

ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አጉረምርሜ አልፈው ነበር። ካስተማርኳቸው የፎርም ፎር ልጆች አንዱ ብሔራዊ ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው ደብተሩን ጥሎ ሄደ። በሂሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። የሄደው ሊዋጋ ነው። እናቱ በማግሥቱ ትምህርት ቤት መጥታ «መምህር፣ ልጄን ማን ነው ያናገረው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገሩን ሳስበው ግን ያናገረው አንድ ሰው አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሁላችንም ስናናግረው ነው የኖርነው። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ላይቭ ላይ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ስለዚህ ከራሴ ቤት ልጀምር።

እኔ ወሎ ነው ያደግሁት። አጎቴ በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተጠርቶ ወጣ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። አባቴ በ1991 ዓ.ም. ወደ ባድመ ዘምቶ በአንድ እግሩ ተመለሰ። እኔ ራሴ ከአገሬ የወጣሁት በጦርነት ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ ዓይኔ አይቷል። ስለዚህ «አንተ ምን አይተህ?» የሚለኝ ሰው ካለ፣ የሚበቃኝን ያህል አይቻለሁ።

በቤታችን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ፣ ሬዲዮ ሲከፈት፣ ሰው ሲሞት ይነገራሉ። አንደኛው፣ «እኛ ሁልጊዜ ተበዳይ ነን» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «እነሱ ቃል አይጠብቁም»። ሦስተኛው፣ «ጠመንጃ የሌለው አይደመጥም»። ልብ ያልኩት ነገር ግን አለ። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብለው የሚናገሩት ያልዘመቱት ነበሩ። አባቴ ያኔ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ዝም ይላል።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዬ «እንዲህ ሆነ» ብሎ ሲጽፍ ጠርዙ ላይ በቀይ «በምን አወቅህ?» ብዬ እጽፍለታለሁ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን የምጠይቀውን ጥያቄ ለአጎቶቼ ንግግር የማልጠይቅበት ምክንያት አላገኘሁም።

ካኩማ ስመጣ ጎረቤቴ ከትግራይ የመጡ እናት ሆኑ። እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሰላምታ ብቻ ነበርን። በሁለተኛው ዓመት ወባ ሲይዘኝ አጥሚት ይዘው መጡ፤ ከዚያ በኋላ «እትዬ» ብዬ ነው የምጠራቸው። አንድ ቀን ስለ ቤታቸው ሲያወሩኝ ሦስቱንም ዓረፍተ ነገሮች ከእሳቸው አፍ ሰማኋቸው። እኛ ሁልጊዜ ተበዳይ ነን። እነሱ ቃል አይጠብቁም። ጠመንጃ የሌለው አይደመጥም። የተለወጠው «እነሱ» የሚለው ብቻ ነበር። «እነሱ» እኔ ነበርኩ።

ይህን ይዤ ክፍል ገባሁ። በፎርም ስሪ ክፍሌ ውስጥ የደቡብ ሱዳን፣ የሶማሊያ፣ የኮንጎ፣ የብሩንዲና የኢትዮጵያ ልጆች አሉ። «በቤታችሁ ስለ ጠላት የሚባለውን ጻፉ፤ የሕዝብ ስም፣ የሃይማኖት ስም፣ የቦታ ስም እንዳትጽፉ» አልኳቸው። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ቀላቀልኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ። «የዋህነታችን ነው የጎዳን።» «እኛ ካልቀደምናቸው ይቀድሙናል።» «መሬቱ የእኛ ነው፤ እነሱ ትናንት የመጡ ናቸው።» «አብረውህ ይበሉና ሌሊት ያርዱሃል።» እያንዳንዱን ሳነብ «ይህ የማን ነው?» እላለሁ። ለአንዱ ወረቀት አንድ የኑዌር ልጅና አንዲት የዲንቃ ልጅ እኩል እጃቸውን አወጡ። ሁለቱም «የእኛ ነው» አሉ። የጻፈው ግን ከኋላ የተቀመጠ የሶማሊያ ልጅ ነበር።

ክፍሉ በመጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ታዲያ የሚዋሸው የማን አባት ነው?» አለችኝ።

ማንም መዋሸት የለበትም። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ሞቱም እውነት ነው። ነገር ግን ለሁሉም ጠላት የሚስማማ ዓረፍተ ነገር ስለ የትኛውም ጠላት ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ስለ ራሳችን ስጋት ነው። በእሱ ላይ ተመሥርቶ ሰው መግደል ደግሞ በሌላ ሰው የሕክምና ምርመራ ውጤት መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው።

ስደት ይህን ነገር እንደሚያባብሰው የተጻፈም አለ። ሊሳ ማልኪ የተባለች አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1972 ከብሩንዲ እልቂት ሸሽተው ታንዛኒያ የገቡ የሁቱ ስደተኞችን በ1980ዎቹ አጥንታለች። ገሚሶቹ ሚሻሞ በሚባል ካምፕ ይኖሩ ነበር፤ ሌሎቹ ኪጎማ ከተማ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅለው ይኖሩ ነበር። በካምፑ ያሉት የወገናቸውን መከራ ደጋግመው እየተረኩ፣ «እኛ» እና «እነሱ» የሚለውን እያጠነከሩ ኖሩ። በከተማ ያሉት ግን ከጎረቤት፣ ከሥራ፣ ከጋብቻ የተነሣ ብዙ ማንነት ያዙ። ሁለቱም የሸሹት አንድ እልቂት ነው። ልዩነቱ ታሪኩን ከማን ጋር ተቀምጠው እንደሚያወሩት ነበር።

እስቲ እኛን እንመልከት። የእኛ ካምፕ ስልካችን ሆኗል። ሚኒያፖሊስ ያለው ዘመዴ በአካል ከከተማ ሰው ጋር ይሠራል፤ በስልኩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሚሻሞ ውስጥ ያድራል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። የወረስነው ቂም ሌላው ችግሩ፣ ያወረሱን ፖለቲከኞች ራሳቸው አለመጠበቃቸው ነው።

ከ1960ዎቹ ልጀምር። ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ ናቸው። የሚያነቡት መጽሐፍ አንድ ነበር፤ «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡትም አብረው ነበር። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ከደርግ ጋር ምን እናድርግ የሚል ነበር። አንዱ አሁኑኑ የሕዝብ መንግሥት አለ፤ ሌላው ሂሳዊ ድጋፍ አለ። በዚህ ልዩነት ወንድም ወንድሙን ጠቆመ፣ አሳደደ፣ ገደለ። ከዚያስ? ደርግ ኢሕአፓን ከመታ በኋላ በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ መኢሶንም ዞረ። ከሁለቱም ወገን የተረፉት እስር ቤት ተገናኙ፤ ስደት ተገናኙ። ይህን ታሪክ የምጠቅሰው ለምን መሰላችሁ? እርስ በእርስ ለመተላለቅ የተለየ ብሔር እንደማያስፈልግ ስለሚያሳይ ነው። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ዶርም ያደሩ ልጆች አድርገውታል። የአጎቴን አጥንት እስካሁን ያላገኘነውም ለዚህ ነው።

ወደ ባድመ ልምጣ። ጦርነቱ ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ዓ.ም. ቆየ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሁለት አገር ልጆች አለቁ። በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። በሐምሌ 2010 መሪዎቹ አስመራ ላይ ተቃቀፉ፤ እኛም አለቀስን። በ2013 ደግሞ የሁለቱ አገር ወታደሮች በአንድ ወገን ተሰልፈው ሦስተኛ ወገን ወጉ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ጠላት ወዳጅ ሆነ፤ ወዳጅም ጠላት ሆነ። የአባቴ እግር ግን በየትኛውም አሰላለፍ አልበቀለም።

ፕሪቶሪያን ተመልከቱ። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፊርማ ቆመ። ከአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪዎች ዋነኛው የነበሩት ኦሉሴጎን ኦባሳንጆ የሟቾች ቁጥር እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። አንዱ ሌላውን «አሸባሪ»፣ ሌላው አንዱን «ፋሽስት» ሲሉ የከረሙ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ተጨባበጡ። መጨባበጣቸውን አልቃወምም፤ ጠመንጃው ዝም ባለበት ቀን አምላኬን አመስግኛለሁ። የምጠይቀው ግን ይህን ነው። በ2015 መፈረም የተቻለው ወረቀት በ2013 መፈረም ያልተቻለው ለምንድን ነው? በሁለቱ ጥቅምቶች መካከል የተቀበሩት ልጆች በወረቀቱ ላይ የጨመሩት መስመር የትኛው ነው?

ፖለቲከኞቹ ጠላታቸውን እንደ ልብስ ይቀያይራሉ። እኛ ታች ያለነው ግን ያሸከሙንን ሳናወርድ እንቀራለን። እነሱ ተጨባብጠው ሆቴል ሲገቡ እኛ ለቅሶ ቤት «እነሱ ቃል አይጠብቁም» እያልን ልጅ እናሳድጋለን። ለሚቀጥለው ጦርነት ወታደር የሚዘጋጀው እንደዚህ ነው። ያለ ደመወዝ፣ በየቤቱ።

ይህ የእኛ ብቻ ነው እንዳትሉ። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች መካከል ከሱዳን ጦርነት በእግራቸው የመጡ ሕፃናት ነበሩ። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነፃ ወጣች፤ ጁባ ላይ ሲጨፈር ካኩማም ጨፈረ። በታኅሣሥ 2013፣ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ አብረው ነፃነት ያመጡት እርስ በእርስ ተኳኮሱ። አባት የተሰደደበት ካምፕ ልጅም ተሰደደበት። የውጭ ጠላት ሲጠፋ የወረሱት ጥርጣሬ የቤት ውስጥ ጠላት አገኘ።

አሁን ኢንቦክሴን የሞሉትን ተቃውሞዎች ልመልስ።

«ሰላም ሰላም የሚል ሰው ገዳይንና ሟችን እኩል ያደርጋል» ትሉኛላችሁ። አላደርግም። እኔ ገዳዩ በስሙ፣ በቀኑ፣ በቦታው ተጠርቶ ፍርድ ፊት እንዲቆም እፈልጋለሁ። አሩሻ የተሰየመው የሩዋንዳ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 በሬዲዮና በጋዜጣ እልቂት የቀሰቀሱ ሰዎችን ጥፋተኛ ሲል ስማቸውን ጠርቶ ነው። ሁቱ የሚባል ሕዝብ ጥፋተኛ አልተባለም። ፍትሕ ስም ይፈልጋል። ሕዝብን በጅምላ የሚከስ ሰው ግን እውነተኛውን ገዳይ በሚሊዮኖች መሀል ይደብቅለታል። ገዳይ የሚወደው ይህንን ነው፤ «የመጡት በወገናችን ነው» ብሎ ከኋላችን ይሸሸጋል። እኛም እንከልለዋለን።

«ጠመንጃ ይዞ ሊያጠፋን ሲመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንታረድ?» ትሉኛላችሁ። በሩ ላይ ቆሞ ልጆቹን በሚከላከል ገበሬ ላይ ካኩማ ተቀምጬ አልፈርድም። የምናገረው ለእሱ አይደለም። የምናገረው ጥይት ለማይደርስብን ለእኛ ነው። ልጁን በግል ትምህርት ቤት እያስተማረ የሰው ልጅ ጫካ እንዲገባ ላይቭ ለሚወጣው ሰው ነው። ጀግንነት ከሆነ ራሱ ይሂድ። ካልሄደ ዝም ይበል።

«የአባቶችህን ደም ረሳህ» ትሉኛላችሁ። የአባቴን ደም አባቴ ያውቀዋል። ባለፈው በስልክ ስናወራ «ልጆቹን አስተምር» ነው ያለኝ። አንድም ቀን «ሂድና መልስልኝ» ብሎኝ አያውቅም። በሙታን ስም የሚናገሩ ሰዎች በዙ፤ ከሙታኑ የውክልና ወረቀት ያመጣ ግን አላየሁም። እኔ አጎቴን አልረሳሁም። ስሙን፣ የጠፋበትን ቀን፣ ለብሶት የነበረውን ሹራብ ጭምር ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። የማልነግራቸው በማን ላይ እንደሚበቀሉ ነው።

«ማን ከፍሎህ ነው?» ትሉኛላችሁ። ይህንን ስሰማ ሚስቴ ትስቃለች። የስደተኛ መምህር ኢንሴንቲቭ ስንት እንደሆነ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ወር በገባ በአሥረኛው ቀን ዱቤ እንጀምራለን። የሚከፍለኝ ካገኛችሁ እባካችሁ አድራሻዬን ስጡልኝ።

«ወሬ ነው፣ ፌስቡክ ነው፣ ማን ይሞትበታል?» የሚልም አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፎቷቸውና ስድባቸው ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው እዚሁ ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ፍርዱ ወደየትም ቢሄድ፣ ሼር የምናደርገው ነገር የሰው በር ድረስ እንደሚሄድ ከእንግዲህ አላውቅም ማለት አንችልም።

«እሺ፣ ሰላም የሚባለው ሥራ ታዲያ ምንድን ነው? ሻማ ማብራት ነው?» ለሚለኝ ሩቅ አልወስደውም። ከእኛ በስተ ምሥራቅ፣ በዚሁ በኬንያ፣ ዋጂር የምትባል ከተማ አለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በዚያ የሶማሌ ጎሳዎች ይጋደሉ ነበር። ገበያው ሳይቀር በጎሳ ተከፈለ፤ አንዷ ከሌላዋ ወተት አትገዛም። ዴካ ኢብራሂም አብዲና ጓደኞቿ፣ ከተለያየ ጎሳ የሆኑ ሴቶች፣ ከገበያው ጀመሩ። ማንኛዋም ሴት፣ ከየትኛውም ጎሳ ትሁን፣ መሸጥና መግዛት እንድትችል ተስማሙ፤ መከበሩንም ራሳቸው ይከታተሉ ነበር። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎች ሄዱ። ከዚያ ወደ ወጣቶች ሄዱ። በ1993 የጎሳ ሽማግሌዎች አል ፈታህ የተባለውን ስምምነት አወጁ። ዴካ በ2007 «የአማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘች፤ በ2011 በመኪና አደጋ አረፈች።

እነዚህ ሴቶች ጎሳቸውን አልካዱም፤ ስማቸውን አልቀየሩም። የጠየቁት «ነገ ወተት የሚሸጠው እንዴት ነው?» የሚለውን ነው። ሰላም የሚባለው ሥራ ከዚህ ይጀምራል። አሰልቺ ነው። ስብሰባ ይበዛበታል። ሻይ ይበዛበታል። ላይቭ ላይ አያስጨበጭብም።

እኛም በካኩማ በአቅማችን ጀምረናል። ስድስት ነን። ከስድስታችን ሁለታችን መምህራን ነን፤ እትዬ አሉበት፤ አንድ የቦዳቦዳ ሾፌር አለ፤ አንድ የሶማሌ ባለ ሱቅ አለ፤ አንዲት ከወለጋ የመጣች ነርስ አለች። ቅዳሜ ማታ እንገናኛለን። ያወጣነው ሕግ አንድ ነው። ከአገር ቤት አስደንጋጭ ወሬ ወይም ፎቶ ሲመጣ ለአንድ ቀን ማንም አያስተላልፍም። በዚያ አንድ ቀን ከየወገናችን እንጠይቃለን፤ የት ነው፣ መቼ ነው፣ ማን አየ? ባለፈው ወር የተቃጠለ መንደር ፎቶ መጣ። በአንዱ ብሎክ «እነሱ አቃጠሉን» ተባለ፤ በሌላውም ብሎክ ያው ፎቶ «እነሱ አቃጠሉን» ተባለ። ነርሷ ፈልጋ ስታገኘው ከዓመታት በፊት የሌላ አገር ፎቶ ነበር። በዚያ ማታ ዱላ ይዘው የወጡ ልጆች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እውነት የሆነ ወሬ ሲመጣ ደግሞ አብረን ለቅሶ እንደርሳለን። ከሌላው ወገን የመጣ ሰው ለቅሶህ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማህን ስሜት በቃላት ልነግራችሁ አልችልም፤ ሞክሩት።

በመጨረሻ ልመናዬን ላቅርብ።

መዝገብ ይዞ ለሚመጣባችሁ ሰው ሦስት ጥያቄ አቅርቡለት። ገንዘቡ የት ይሄዳል? ደረሰኝ የሚሰጠው ማነው? ያንተ ልጅ የት ነው ያለው? መልስ ከሌለው 500 ሽልንጉን ዱቄት ግዙበት። ስማችሁ ግሩፕ ላይ ቢነበብ የእኔም ስም አብሮ ይነበባል፤ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ውጭ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለጥይት የምታዋጡትን ለትምህርት ቤት ክፍያ ላኩት። ሪያድና ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን በላባችሁ ያገኛችሁትን ብር ማንም በስሜት እንዳይበላባችሁ።

አባቶችና እናቶች፣ ለልጆች ታሪክ ስትነግሩ ሙሉውን ንገሯቸው። የገደለውን ስትነግሯቸው የደበቃችሁን ጎረቤትም ንገሯቸው። ሁላችንም ቤት እንዲህ ያለ ጎረቤት አለ፤ ትረካው ላይ ግን አይጠራም። እኛ ቤት አጎቴ ከመያዙ በፊት ሁለት ሳምንት የደበቁት ሴትዮ «ከእነሱ» ወገን ነበሩ። ይህን የነገሩኝ አያቴ ናቸው፤ እሱንም ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ስጠይቃቸው ነው።

ተማሪዎቼ፣ ፈተናችሁን ጨርሱ። አገር ቤት ያለው ነገር አይሸሽም፤ ተምራችሁም ትደርሱበታላችሁ። ለሄደው ልጅ ደግሞ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፣ ወንበርህ አልተሰጠም። ለፈተናው ለመመዝገብ ሌላ ዓመትም አለ። እናትህ ደህና ናት።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ አባቶቻችን። በየቤተ ክርስቲያናችንና በየመስጊዳችን ለሰላም እየጸለይን ነው። እንግዲህ ከጸሎቱ በፊት ያለውን እናውርድ።

ከእኔ ጋር የማትስማሙ ኑና ተከራከሩኝ፤ ቅዳሜ ማታ ሻዩ የእኔ ነው። የተስማማችሁ ደግሞ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ማንበብ ለማይችሉ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸውና የሚሉትን ጻፉልኝ።

ሰላም ለሁላችን ይሁን።